ጥሩምባና ጥሩምባ፤ አንድ ስም ለሁለት ነገር

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። ስለ ሰው ስም ይህ አነጋገር እውነት ይሁን፤ የዕፀዋትንና የዕቃን ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው የሰው ዓይን ነው። ዓይን ደግሞ ፈጣን ዳኛ ስለ ሆነ ቅርጹን አይቶ ወዲያው ይፈርዳል፤ ሥራው ምን እንደ ሆነ እስኪመረመር አይታገሥም። ይህን ነገር የተረዳሁት በአንድ የትርጉም የቤት ሥራ ላይ ከሠራሁት ስሕተት ነው። ስሕተቴ ለክፍል ጓደኞቼ መሳቂያ፥ ለእኔ ግን ትምህርት ስለ ሆነ፥ ለሌላውም ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት በዓመታዊው መጽሔታችን ላይ ላቀርበው ተነሣሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

፩. ስሕተቱ እንዴት እንደ ደረሰ

ባለፈው ዓመት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የምንተረጕመው አንድ አጭር ምንባብ ተሰጠን። ምንባቡ በአሜሪካ ደቡብ ስለሚገኝ ረግረግ የሚናገር ነበር። በመካከሉ «ትራምፔትስ» የሚል ቃል አገኘሁ። ትራምፔት ማለት ጥሩምባ መሆኑን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አውቀው ስለ ነበር፥ መዝገበ ቃላቱ በአጠገቤ ሳለ መግለጡን ናቅሁና «ቢጫ ጥሩምባዎች በረግረጉ ላይ ቆመው ዝንቦችን ይጠብቁ ነበር» ብዬ ጻፍሁ። ነገሩ እንግዳ ሆኖ ሳይታየኝ አልቀረም። ነገር ግን አንድ የወታደር ባንድ ዕቃውን በረግረግ ላይ ጥሎ ሸሽቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንሁ።

በማግሥቱ መምህራችን ጽሑፌን ለክፍሉ ሁሉ አነበቡት። ሳቁ እስከ ሌላው ክፍል ተሰማ። ከ20 ነጥብ 9 ሰጡኝና በቀይ ቀለም «ይህ ጥሩምባ ይነፋል ወይስ ይበቅላል?» የሚል ጥያቄ ጻፉበት። መልሱን ለማግኘት ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ። በዚያም ትራምፔት የሚለው ቃል የናስ የሙዚቃ መሣሪያ ስም ብቻ ሳይሆን፥ ነፍሳትን አጥምዶ የሚኖር የአንድ ተክል ስም ጭምር መሆኑን አነበብሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሁለቱ ጥሩምባዎች የተማርሁትን ነው።

፪. ቃል ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲዘዋወር

አንድ ቃል ከአንድ ነገር ተነሥቶ ወደ ሌላ ነገር መሄዱ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚታይ አይደለም። እኛም በየቀኑ የመርፌ ዓይን፥ የጠርሙስ አንገት፥ የማሰሮ ጆሮ፥ የአልጋ እግር እንላለን። መርፌ እንደማያይ፥ ማሰሮም እንደማይሰማ እናውቃለን፤ ስሙን የሰጠነው በመልክ ስለ ተመሳሰሉ ነው። ከዕፀዋትም መካከል የአህያ ጆሮ የምንለው አለ። ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ ጠጉር የለበሰ ስለ ሆነ ከአህያ ጆሮ ጋር ተመሳስሎ በዚያው ተጠራ።

የጥሩምባ ዘመዶችም ስማቸውን ያገኙት በዚሁ መንገድ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሰው ልጅ ይነፋ የነበረው የእንስሳ ቀንድ ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ በኢያሪኮ ዙሪያ የተነፋው የበግ ቀንድ ሲሆን፥ በኦሪት ዘኍልቍ ደግሞ ሙሴ ሕዝቡን የሚጠራባቸው ሁለት የብር መለከቶች እንዲሠራ ታዝዟል። አማርኛችን «ቀንደ መለከት» ሲል ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ አስሮ ይዟል። እንግሊዞችም ለበሬ ቀንድና ለናስ መሣሪያው «ሆርን» የሚል አንድ ቃል አላቸው። ትራምፔት የሚለው ስም የመጣው ከፈረንሳይኛው «ትሮምፔት» ሲሆን፥ ይህም «ትሮምፕ» ከሚለው ስም የወጣ ነው፤ ትንሽ ትሮምፕ ማለት ነው። ጣልያኖች «ትሮምባ» ይላሉ፤ ይህም ከእኛው ጥሩምባ ጋር በድምፅ ይቀራረባል።

እንግዲህ ቃሉ ከመሣሪያው ተነሥቶ፥ አንዱ ጫፉ ጠባብ ሌላው ጫፉ ሰፊ ወደ ሆነ ነገር ሁሉ ተዘዋወረ። በረግረግ የሚበቅለውም ተክል የዚህ ስም ተካፋይ ሆነ። ሁለቱን ለይተን እንመልከት።

፫. የሚነፋው ጥሩምባ

ናስ ከመዳብና ከዚንክ ተቀይጦ የሚሠራ ማዕድን ነው። ጥሩምባ ግን ሁልጊዜ ናስ አልነበረም። በ1922 ዓ.ም. ሃዋርድ ካርተር በግብፅ ባገኘው በንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር ውስጥ ሁለት ጥሩምባዎች ተገኝተዋል፤ አንደኛው ከብር፥ ሁለተኛው ከመዳብ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። ከ3,300 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው እነዚህ ጥሩምባዎች በ1939 ዓ.ም. ተነፍተው ድምፃቸው በራዲዮ ተላልፏል። ቅርጻቸውን ያየ ሰው ዛሬም ስማቸውን ሳይጠይቅ ይነግራቸዋል፤ ቀጭን ቧንቧና የተከፈተ ሰፊ አፍ ናቸው።

በአገራችንም መለከት ከነጋሪትና ከእምቢልታ ጋር የቤተ መንግሥት ክብር ምልክት ሆኖ ኖሯል። መለከት ከሸምበቆ ተሠርቶ በቆዳ ይለበጣል፤ አፉም ከቅል ወይም ከብረታ ብረት ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በአሜሪካ ተክሉ በጥሩምባ ስም ሲጠራ፥ በእኛ ዘንድ ደግሞ ጥሩምባው ራሱ ከሸምበቆና ከቅል፥ ማለት ከተክል ይሠራል።

የናስ መሣሪያዎች በባንድ ተደራጅተው በአገራችን እንዲታወቁ ካደረጉት መካከል «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች ይገኙባቸዋል። በ1924 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም በአርመኖች ገዳም አይተዋቸው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። መሪያቸው የነበሩት ኬቮርክ ናልባንድያን ከ1930 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ጀምሮ ለብዙ ዘመን ያገለገለውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሰዋል።

ጥሩምባ እንዴት ድምፅ እንደሚሰጥ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትንፋሽ ስለ ገባበት ብቻ የሚጮኽ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ነፊው ከንፈሩን ገጥሞ ትንሽ ጽዋ በሚመስለው በመሣሪያው ጠባብ ጫፍ ላይ ያኖራል፤ ሲነፋ ከንፈሮቹ በፍጥነት ይንቀጠቀጣሉ። ይህ መንቀጥቀጥ በቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር ያናውጠዋል። የተናወጠውም አየር በሰፊው አፍ በኩል ድምፁን ወደ ውጭ ያሰራጫል። ከንፈሩ የማይንቀጠቀጥ ሰው ሳንባው እስኪደክም ቢነፋ ከፉጨት በቀር ምንም አያወጣም።

የቧንቧው ርዝመት የድምፁን ውፍረትና ቅጥነት ይወስናል። የተለመደው ጥሩምባ ጥምዝምዙ ቢፈታ 1.5 ሜትር ያህል፥ ትሮምቦን ደግሞ 2.7 ሜትር ያህል ይሆናል። ትልቁ ቱባ ከ5 ሜትር ስለሚበልጥ ድምፁ ከሁሉ ይወፍራል። በድሮ ዘመን ነፊው ከአንድ ቧንቧ የሚያገኘው ጥቂት ድምፆችን ብቻ ነበር። በ1818 ዓ.ም. ሃይንሪኽ ሽቶልትሰልና ፍሪድሪኽ ብሉሜል የተባሉ ጀርመኖች ተጫኝ ቁልፍ ላለው መሣሪያ በፕሩስያ የፈጠራ መብት ተቀበሉ። በዛሬው ጥሩምባ ላይ ሦስት ቁልፎች አሉ። ቁልፉ ሲጫን አየሩ በትርፍ ቧንቧ እንዲዞር ስለሚያደርገው መንገዱ ይረዝማል፤ ድምፁም ዝቅ ይላል።

ከዚህ ሁሉ አንባቢ እንዲይዝልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በሚነፋው ጥሩምባ ሥራው የሚጀምረው ከጠባቡ ጫፍ ነው፤ የሚፈጸመውም በሰፊው አፍ ነው።

፬. የሚበቅለው ጥሩምባ

ተክሉ በሳይንስ ስሙ ሳራሴንያ ይባላል። ስሙ የተሰጠው በካናዳ በኬቤክ ይኖር ለነበረው ለፈረንሳዊው ሐኪም ለሚሼል ሳራዛን መታሰቢያ ነው። ሳራዛን ተክሉን ወደ ፓሪስ ልኮ ለሊቃውንት አስተዋውቆ ነበር። በምንባባችን ውስጥ የነበረው ቢጫው ጥሩምባ «ሳራሴንያ ፍላቫ» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ፍላቫ በላቲን ቢጫ ማለት ነው። በስዊድናዊው ሊቅ በካርል ሊኔዎስ መጽሐፍ በ1753 ዓ.ም. በዚህ ስም ተመዘገበ። በአሜሪካ ከቨርጂንያ ጀምሮ እስከ ፍሎሪዳና አላባማ ድረስ በባሕር አቅራቢያ ባለው ረግረግ ይበቅላል። በአፍሪካ በተፈጥሮ የሚገኝ ተክል አይደለም።

ቁመቱ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ያህል ይደርሳል። ጥሩምባ የሚመስለው ክፍል አበባው አይደለም፤ ተጠቅልሎ ቧንቧ የሆነ ቅጠል ነው። ከሥሩ ጠባብ ሆኖ ይነሣና ወደ ላይ እየሰፋ ሄዶ አፉን ወደ ሰማይ ይከፍታል። በአፉም ላይ እንደ ክዳን የቆመ ሌላ የቅጠሉ ክፍል አለ፤ ይህም ዝናቡ ቧንቧውን እንዳይሞላው ይከላከላል። ከባህር ማዶ ሰዎች አንዳንዶቹ ይህንኑ ተክል የአዳኝ ቀንድ ብለው ጠርተውታል።

ይህ ተክል ለምን ያድናል? ብዙዎቻችን ተክል ሥጋ የሚበላው ስለ ራበው ይመስለናል። ነገር ግን ሳራሴንያ እንደ ማንኛውም አረንጓዴ ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው በፀሐይ ብርሃን ነው። ችግሩ ያለው በመሬቱ ላይ ነው። ረግረጉ ኮምጣጣና ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የጐደለው አፈር ነው። ስለዚህ ሌላው ተክል ከአፈር የሚያገኘውን ማዳበሪያ ይህ ተክል ከነፍሳት አካል ይፈልገዋል። ገበሬ እርሻውን በፍግ እንደሚረዳ፥ ይህም ራሱን በዝንብ ይረዳል ማለት ይቻላል።

የወጥመዱ አሠራር እንደሚከተለው ነው። በክዳኑና በከንፈሩ ላይ ነፍሳትን የሚስብ ጣፋጭ ፈሳሽ ይወጣል። ዝንቡ፥ ተርቡ ወይም ጥንዚዛው ፈሳሹን እየላሰ ወደ ከንፈሩ ጫፍ ይጠጋል። የውስጡ ግድግዳ ከላይ በኩል ሰም የተቀባ ያህል ለስላሳ ስለ ሆነ እግሩ ያድጠዋል። ሲወድቅ ቧንቧው እየጠበበ ስለሚሄድ ክንፉን ዘርግቶ ለመብረር ስፍራ ያጣል። ከታች በኩል ደግሞ ወደ ታች የተመለሱ ጠጉሮች አሉ፤ ለሚወርድ መንገድ ይሰጣሉ፥ ለሚወጣ ግን እሾህ ይሆናሉ። በመጨረሻ በሥሩ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ይሞታል። ከተክሉ የሚመነጩ ኢንዛይሞችና በዚያ የሚኖሩ ባክቴርያዎች አካሉን አሟሙተው ለተክሉ ያደርሱለታል። በዚህ ተክል ውስጥ ኮኒን የተባለ መርዛማ ነገርም ተገኝቷል። ይህ ሶቅራጥስን ገደለው በሚባለው በሄምሎክ ውስጥ ያለው መርዝ ነው። ሆኖም ወደ አፉ የመጣው ሁሉ አይያዝም፤ ጣፋጩን ልሰው በደኅና የሚሄዱም ብዙ ናቸው።

አንድ ጥያቄ በአንባቢ ልብ ሳይነሣ አይቀርም። ተክሉ ንቦችን ሁሉ ከበላ አበባውን ማን ያዳቅልለታል? መልሱ ጊዜን በመለየቱ ነው። ቢጫው ጥሩምባ በጸደይ በመጀመሪያ አበባውን በረጅም ዘንግ ላይ ያወጣል፤ ወጥመዶቹ የሚከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። ንቦች ሥራቸውን ፈጽመው ሲሄዱ አደኑ ይጀምራል። የሙቀቱ ወራት ወደ ማለቁ ሲደርስ ደግሞ ሰይፍ የመሰሉ፥ ወጥመድ የሌላቸው ጠፍጣፋ ቅጠሎች ያበቅላል።

፭. ሊቃውንትም ተሳስተው ነበር

በክፍል የተሳቀብኝን ሳስብ የሚያጽናናኝ አንድ ታሪክ አገኘሁ። በ18ኛው መቶ ዓመት የካሮላይናን የተፈጥሮ ታሪክ የጻፈው እንግሊዛዊው ማርክ ኬትስቢ፥ ነፍሳት በዚህ ተክል ውስጥ መኖራቸውን አይቶ፥ ተክሉ ከእንቍራሪትና ከሌሎች ጠላቶች የሚሸሸጉበት መጠጊያ መሰለው። የዕፀዋት ሁሉ ስም አውጪ የተባለው ሊኔዎስ ደግሞ ባዶውን ቅጠል ለተጠሙ ወፎች ውሃ የሚያቆይ ዕቃ አድርጎ ገመተው። ሁለቱም ቅርጹን አይተው ሥራውን ገመቱ እንጂ የገባው ነፍሳ መውጣቱን ቆመው አልጠበቁም።

እውነቱ እየታወቀ የመጣው በትዕግሥት ከተመለከቱት ሰዎች ነው። በደቡብ ካሮላይና የነበረው ሐኪም ጆሴፍ ሜሊቻምፕ በ1870ዎቹ ዓመታት ከሳራሴንያ ዓይነቶች አንዱን በበቀለበት ስፍራ እየተመላለሰ መረመረ፤ ጣፋጩን ፈሳሽና በሥሩ ያለውን ውሃ በነፍሳት ላይ ሞከረ። በ1874 ዓ.ም. ጆሴፍ ሁከር በቤልፋስት በተደረገው የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ስለ እነዚህ አዳኝ ዕፀዋት ሰፊ ንግግር አደረገ። በማግሥቱ ዓመት ቻርልስ ዳርዊን ነፍሳትን ስለሚበሉ ዕፀዋት የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ።

ይሁን እንጂ ኬትስቢ ፈጽሞ ተሳስቷል ለማለት አይቻልም። ኤክሲራ የምትባለው የእሳት እራት ዕድሜዋን የምታሳልፈው በዚሁ ተክል ውስጥ ነው። በለስላሳው ግድግዳ ላይ ሳትወድቅ ትሄዳለች። አባጨጓሬዋም የቧንቧውን አፍ በሐር ድር ዘግታ ግድግዳውን ከውስጥ ትበላለች። ለሺህ ዝንብ መቃብር የሆነው ለእርስዋ ቤት ነው።

፮. የአጎቴ ጥያቄ

እኔ የምኖረው ከአጎቴ ጋር ነው። አጎቴ የሰፈራችን ዕድር ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፥ በየመንገዱ ጥሩምባቸውን እየነፉ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። በአንዳንድ ሰፈር ስልክና ድምፅ ማጉያ ይህን ሥራ ቢተኩትም፥ በእኛ ሰፈር ግን ያ ድምፅ ሲሰማ ሁሉም ሥራውን ትቶ ጆሮውን ያቀናል።

ከቤተ መጻሕፍት የገለበጥሁትን የተክሉን ሥዕል አንድ ማታ አሳየኋቸው።

«ጋሼ፥ ይህ ተክል ጥሩምባ ይባላል» አልኋቸው።

ሥዕሉን ወደ ፋኖሱ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ከታች ጫፉ ክፍት ነው ወይስ ድፍን?» ብለው ጠየቁኝ።

«ድፍን ነው፤ ውሃም ይይዛል» አልሁ።

«እንግዲያማ ልጄ፥ ይህ ጥሩምባ አይደለም፤ ዋንጫ ነው» አሉኝ።

ነገሩ ስላልገባኝ ዝም አልሁ። እርሳቸውም አስረዱኝ። ከአንድ በሬ ራስ ላይ ሁለት ቀንድ ይወጣል። የአንዱን ጫፍ ቢበሱት ይነፋል፤ ሰው ይጠራል። የሁለተኛውን ጫፍ ሳይበሱ ቢተዉት ጠላና ጠጅ ይጠጣበታል። ቁመታቸው አንድ፥ መልካቸውም አንድ ሲሆን ሥራቸውን የለያየው ያች ትንሽ ቀዳዳ ናት። «ቀንድ ከተበሳ ይናገራል፤ ካልተበሳ ይይዛል» ብለው ሥዕሉን መለሱልኝ።

እኔ ከአራት መጻሕፍት ያልለቀምሁትን አጎቴ በአንድ ጥያቄ አገኙት። በእርግጥም ሁለቱ ጥሩምባዎች በመልክ መንትያ ሲሆኑ በሥራ ተቃራኒ ናቸው። አንደኛው ከጠባቡ ተቀብሎ በሰፊው ያወጣል፤ ሁለተኛው በሰፊው ተቀብሎ በጠባቡ ያስቀራል። አንደኛው የሚጠራው በድምፅ ነው፤ ሁለተኛው ድምፅ ሳያሰማ በጣፋጭ ይጠራል።

እንግሊዞችም ይህን ልዩነት ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም፤ ለዚሁ ተክል ሁለት ስም ሰጥተውታልና። ትራምፔት የሚለው ስም መልኩን ይነግረናል። ሁለተኛው ስሙ «ፒቸር» ነው፤ ትርጓሜውም የውሃ መቅጃ ዕቃ ማለት ስለ ሆነ የሚነግረን ሥራውን ነው። በእስያ በሐረግ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠሉት ኔፔንቴስ የተባሉት ዕፀዋትም በዚሁ በሁለተኛው ስም ይጠራሉ።

፯. በአማርኛ ምን እንበለው?

ለተርጓሚ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ጥሩምባ ብንለው እኔ እንደ ተሳሳትሁት አንባቢው የወታደር ባንድ ይታየዋል። ፒቸር የሚለውን ይዘን እንስራ ወይም ገንቦ ብንለው ደግሞ ሥራውን ይገልጻል እንጂ መልኩን ያበላሻል። እንስራ ሆዱ ሰፊ አንገቱ ጠባብ ሲሆን፥ ይህ ተክል ግን አፉ ሰፊ ሥሩ ጠባብ ነው። የአጎቴን ቃል ተከትዬ «የዝንብ ዋንጫ» ብንለው መልኩንም ሥራውንም የሚይዝ ይመስለኛል። የቀንድ ዋንጫ እንደ ጥሩምባ አፉ ሰፍቶ ጫፉ ይጠብባል፤ እንደ ፒቸርም የያዘውን አያፈስም። ከዚህ የተሻለ ስም ያለው መምህር ወይም ወላጅ ቢኖር በሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ላይ ቢያርመኝ ደስ ይለኛል።

፰. ስሙ ቀርቶ ተክሉ እንዳይጠፋ

ስለዚህ ተክል ሳነብ ያሳዘነኝ ነገርም አለ። የሳራሴንያ መኖሪያ የነበረው የአሜሪካ ረግረግ አብዛኛው ጠፍቷል። ገሚሱ ውሃው በቦይ ተንጣፎ እርሻና መንገድ ሆነ፤ ገሚሱ እንጨት ለመሸጥ ዛፍ ተተከለበት። አንዳንዶችም ቅጠሉን ለአበባ ገበያ እየቈረጡ፥ ሥሩን እየነቀሉ ይወስዱታል። ከዚህ ሌላ አንድ ያላሰብሁት ምክንያት አለ። ይህ ተክል እሳት ይፈልጋል። በድሮ ጊዜ መብረቅ የሚያስነሣው እሳት በየጊዜው ቍጥቋጦውን እየጠረገ ብርሃን ይከፍትለት ነበር፤ እርሱ ግን ሥሩ ከመሬት በታች ስለሚቈይ እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ሰዎች እሳቱን ሁሉ ማጥፋት ሲጀምሩ ቍጥቋጦው አድጎ ጥላ አለበሰው። ዛሬ ጠባቂዎቹ በብልሃትና በጥንቃቄ እሳት እየለኰሱ ረግረጉን ይንከባከባሉ። ከዘመዶቹ አንዱ የሆነው «ሳራሴንያ ኦሬዮፊላ» በ1979 ዓ.ም. ለመጥፋት ከተቃረቡት ፍጥረታት መዝገብ ገብቶ በአሜሪካ ሕግ ይጠበቃል።

ስም በመዝገበ ቃላት ተጽፎ ለዘላለም ሊኖር ይችላል። ነገሩ ራሱ ከጠፋ ግን ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ «ትራምፔትስ» የሚለውን ቃል ሲያገኝ ጥሩምባ ብቻ ነው ብሎ ቢተረጕም ማን ያርመዋል?

ማጠቃለያ

ውድ የትምህርት ጓደኞቼ፥ ከዚህ ያገኘሁትን ትምህርት በሦስት ቃል ልጨርስ። አንደኛ፥ የምናውቀው የሚመስለን ቃል ከማናውቀው ይልቅ ያሳስታል፤ ስለዚህ ለምናውቀውም ቃል መዝገበ ቃላት እንግለጥ። ሁለተኛ፥ ዐረፍተ ነገሩ እንግዳ ሲሆንብን፥ ስሕተቱ ከጸሐፊው ሳይሆን ከእኛ ሊሆን እንደሚችል እናስብ እንጂ እንደ እኔ የሸሸ ባንድ አንፍጠርለት። ሦስተኛ፥ ነገርን በስሙና በመልኩ ብቻ አንፍረድ፤ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ እንጠይቅ። ይህን የመሰለ ጥያቄ የሚጠይቁ አዋቂዎችም በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆኑ በየቤታችን ስላሉ፥ ወላጆቻችንን ማማከርን አንናቅ።

ትርጉሜን አርሜ «ቢጫ የዝንብ ዋንጫዎች በረግረጉ ላይ ቆመው ዝንቦችን ይጠብቁ ነበር» ብዬ ለመምህራችን አቀረብሁ። ካነበቡት በኋላ ፈገግ ብለው ከቀዩ ጥያቄያቸው በታች «ይበቅላል» ብለው ጻፉበት። ነጥቤ ግን እዚያው 9 ላይ ቀርቷል።